ጥቅል፣ ባዶ፣ የተጣራ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቁርጥራጭ ብረት ግቢ ደጃፍ፣
ኢሪ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከበረዶው አፋፍ፣
የጭነት መኪና ስመዝን ኖርኩኝ፤
ሞልቶ ሲገባ ጻፍኩኝ፣
ባዶውን ሲወጣ ጻፍኩኝ።
ከጥቅሉ ላይ ባዶው ሲነሣ፣
የቀረው ነው የሚከፈለው፤ ሌላው ይረሳ።

ልጄን ላሬንን ግን በየት በኩል ላቁማት?
ጭነቷ ራሷ ውስጥ ነው፤ በምን አራግፌ ልያት?

ፈርሜያለሁ። ዋስ ነኝ።
ወረቀቱ ላይ ከስሟ በታች "ስታን ዱዴክ" ይላል፤ እኔ ነኝ።
አርባ ሦስት ሺህ ዶላር፣ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለእንግሊዝኛ።
"ለገዛ አፍሽ ቋንቋ?" አላት ክሌት፣ ወንድሟ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፤
"እኔ እኮ በነጻ እናገረዋለሁ" አለና ሳቀ።
እሷም ሳቀች። የኔ ሳቅ ግን ጉሮሮዬ ላይ ታነቀ።

ክሌት በሃያ ስድስቱ ቤት ገዛ፣ ጋራዥ ያለው።
ላሬን ሠላሳ ሊሞላት ነው፣
ከዳቦ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ናት ያለቻት።
ቀለም ቆጥራ ቆጥራ፣ ቆጠራው ብቻ ተረፋት፤
በየወሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ትቆጥራለች።
ወለዱ ወልዶ፣ የወለደውም ወልዶ፣
የልጅ ልጅ አይቷል፤ እሷ ገና አልወለደች።
ጎረቤት "ተማረች" ሲል፣ "ተማረረች" ብዬ እሰማለሁ፤
የጆሮዬ ነገር ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሥራዋ ደብዳቤ መጻፍ ነው፣ ኢንሹራንስ ድርጅት።
"እናዝናለን" ብላ ትጀምራለች፣ ዕለት በዕለት፣
"አንከፍልም" ብላ ትጨርሳለች፤
መሃሉን ግን ታለሰልሳለች።
የተከለከለ ሰው አመስግኖ ይመልስላታል፤
ለዚህ ጥበብ በዓመት ሠላሳ ስድስት ሺህ ይከፈላታል።

እሑድ ማታ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ፣ በፖስታ ጀርባ፤
ስድስት ዓመት ከፍላ፣ ሠላሳ ስምንት ቀረ፤ የጀመረችው አርባ
ሦስት ላይ ነበር።
አምስት ሺህ ለማንሳት ሃያ ሁለት ሺህ!
እንዲህ የሚሸቅብ ሚዛን እኛ ግቢ ቢኖር፣
ባለቤቱ በካቴና ነበር የሚታሰር።

ደግሞ ይህን የት ልጻፈው?
ጆሮዬን መጭመቂያው ማሽን ነው የበላው።
ካሣ ጠየቅሁ፤ በስድስት ገጽ መለሱልኝ፦ "አይገባዎትም።"
"ጠበቃ ያዝ" አለ ክሌት። ጠበቃ አይቀመስም።
ላሬን ወረቀቱን ወሰደች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣
በረዶው ከቦቲዋ ወለሉ ላይ ተንጠባጥቦ ሳያልቅ
አነበበች፣ ደገመች፣ ገጽ አራት ላይ ጣቷን አሳረፈች፦
"አባዬ፣ 'ወይም' ነው የሚለው፤ እነሱ 'እና' ብለው አንብበውታል" አለች።
ወይም።
ኢምንት ቃል። መርፌ አያክልም።

አንድ ገጽ ጻፈችልኝ፣ "እናዝናለን" የሌለበት።
በስድስተኛው ሳምንት ቼክ መጣ፣ ስሜ የታተመበት፤
ሰባት ሺህ አራት መቶ።
"ለዕዳሽ ይሁን" ብላት "ማሞቂያህን ቀይር!" ብላ ተቆጣች።
ቀየርኩ። ቤቱ ሞቀ። እሷ ማክሰኞ ወደ "እናዝናለን" ተመለሰች።

በየትኛው ዓምድ ይግባ? የሷ ገቢ ነው ወይስ የኔ?
ሦስቴ ደመርኩት፤ ሦስቴ ተለያየ፣ ወይኔ!

ትናንት ግቢው ሲዘጋ፣ ከምድር ቤት ያመጣሁትን፣
ትታው የሄደችውን መጽሐፍ፣ ዳር ዳሩን የሞነጫጨረችበትን፣
ሚዛኑ መሃል አስቀመጥኩና ሄድኩ ወደ መስኮቴ፤
መነጽሬን አድርጌ ቁጥሩን አየሁ፣ ከሚዛን ቤቴ፦
ዜሮ።
ከሃያ ፓውንድ በታች አያነብም፤ ይኸው ነው የሱ ተፈጥሮ።
አይዋሽም። እምላለሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አልዋሸም።
ብቻ እንዲህ ያለውን አያይም።

በረዶው መጣል ሲጀምር መጽሐፉን አነሣሁ፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት።
አንዱ ገጽ ዳር፣ በእርሳስ፣ "እርግጠኛ ነህ?" ትላለች፤ ማንን እንደሆነ አላወቅሁት።
መብራቱን አጠፋሁ።
ዓርብ አሥራ አምስት ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። አልረሳሁ።